ኢምቤድድ ፕሮግራሚንግ ለጀማሪ፦ ነቀምቴ ላይ ሆነን ከየት እንጀምር?

ኢምቤድድ ሲስተም ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ሮቦት ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይልቅ በጣም ቅርባችን ነው። የቡና ነጋዴው ዲጂታል ሚዛን፣ የመብራት ካርድ ቆጣሪው፣ አንዳንዱ ስታብላይዘር ሳይቀር ውስጡ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለችው። ቺፗ ማይክሮኮንትሮለር ትባላለች፤ ፕሮሰሰሩም፣ ሜሞሪውም፣ ከውጭ ጋር የሚያገናኙት እግሮቿም በአንድ ላይ የታሸጉባት ናት። እሷ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም እንግዲህ ኢምቤድድ ሶፍትዌር ይባላል።

ጀማሪ ተማሪዎች አዘውትረው የሚጠይቁት "በየትኛው ቺፕ ልጀምር?" ብለው ነው። እኔ ግን "ኢንተርኔት ባይኖርም የሚሠራልኝ የቱ ነው?" ተብሎ ቢጠየቅ ይሻላል እላለሁ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋም ስልክ በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ሲሠራ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ጊምቢ ወይም ነጆ ተቀምጦ ኮዱን ድረ ገጽ ላይ ኮምፓይል የሚያደርግ ተማሪ ቢኖር ሥራው እዚያው ይቆማል። ሁሉም ነገር ላፕቶፑ ላይ ያለው ግን መብራት እስካለ ድረስ ይቀጥላል።

ስለዚህ ለመጀመሪያ የምመክረው አርዱዊኖ ኡኖ ቦርድን ነው። አርዱዊኖ በ2005 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ ውስጥ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የዲዛይን ተማሪዎች ታስቦ የተጀመረ ነው። ኡኖ ላይ ያለችው ቺፕ ኤቲሜጋ 328ፒ ትባላለች፤ 32 ኪሎባይት ፍላሽ፣ 2 ኪሎባይት ራም አላት፣ በ16 ሜጋኸርዝ ትሠራለች። (ፍላሽ ስል ኪሳችን ውስጥ የምንይዘውን ማለቴ አይደለም፤ ቺፗ ውስጥ ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ሜሞሪ ነው።)

ሶፍትዌሩን በተመለከተ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው አርዱዊኖ 2 ዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢት ይፈልጋል። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው 1.8.19ን ይጫን፤ ለጀማሪ ምንም አይጎድልበትም። ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ በዚፕ የሚመጣውን ፈትታችሁ በውስጡ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል "ፖርተብል" የሚል ስም ያለው ፎልደር ብትፈጥሩ፣ ላይብረሪውም የራሳችሁ ኮድም ሁሉ እዚያው ይቀመጣል። ያን አንድ ፎልደር በፍላሽ ገልብጦ ለጓደኛ መስጠት ይቻላል። ከእሱ ጋር የሲኤች340 ድራይቨርንም መያዝ ነው፤ ከመርካቶ የሚገዛው ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ቅጂ ስለሆነ የዩኤስቢ ቺፑ እሱ ነው፣ ድራይቨሩ ከሌለ ላፕቶፑ ቦርዱን አያውቀውም። ቅጂ መሆኑ ለመማር አይከለክልም። የቺፗን ዳታሺት አትርሱ። በመቶ የሚቆጠር ገጽ ስላለው ያስፈራል እንጂ ማንም ሁሉንም አያነበውም።

አርዱዊኖ አንድ ቁልፍ ተጭነን ፕሮግራሙን ስለሚጭንልን ከጀርባ የሚሠራው ይደበቅብናል። በፕሪፈረንስ ውስጥ ዝርዝር መልእክት እንዲያሳይ ብታዙት ግን ሁሉም ይታያል። መጀመሪያ ኮምፓይለሩ የጻፍነውን ኮድ ወደ ቺፗ ቋንቋ ይቀይራል፣ ሊንከሩ ከላይብረሪዎቹ ጋር ያገጣጥመዋል፣ ከዚያ ሄክስ የሚባል ፋይል ይወጣል፣ በመጨረሻም ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ሄክሱን በዩኤስቢ ገመድ ወደ ቺፗ ይልካል። ይህን መንገድ አንዴ የተረዳ ሰው ነገ ፒአይሲ ወይም 8051 ቢሰጡት አይደናገርም፤ የመሣሪያዎቹ ስም እንጂ መንገዱ አይለወጥም።

ላፕቶፕ ላይ ሲ የተማርን ሰዎች የምንደናቀፍበት ቦታ አለ። ላፕቶፕ ላይ ኢንት ባለ 32 ቢት ነው፤ እዚህ ግን ባለ 16 ቢት ስለሆነ ከ32,767 አያልፍም። በሚሊሰከንድ ጊዜ የሚቆጥር ኢንት እንግዲህ ከ32 ሰከንድ በኋላ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጣል። ፕሮግራሙ ግማሽ ደቂቃ በደንብ ሠርቶ ያብዳል፣ ተማሪውም ቦርዱ ተበላሸ ይላል። 1,000 ኢንት የሚይዝ አሬይ ብታውጁ 2,000 ባይት ሄደ፤ ከራሙ የሚተርፈው 48 ባይት ነው። አዲስ ኤቲሜጋ 328ፒ ለብቻዋ ገዝታችሁ ብሬድቦርድ ላይ ብትሰኩ ደግሞ ከፋብሪካ የምትወጣው በ1 ሜጋኸርዝ ስለሆነ፣ ለ16 ሜጋኸርዝ የተዘጋጀው ኮድ በየሰከንዱ ሊያበራው የነበረውን ኤልኢዲ በየ16 ሰከንዱ ያበራዋል። የራሙ መጠንና ቺፗ ከፋብሪካ የምትወጣበት ፍጥነት ዳታሺቱ ላይ ተጽፏል።

ቦርድ እስኪገኝ በሲሙሌተር መለማመድ ጥሩ ነው። ነገር ግን ክራክ የተደረገ ፕሮቲየስ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር ቫይረሱም አብሮ ይዞራል፤ ነፃ የሆነው ሲሙልአይዲኢ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሲሙሌተር ሁሉን አያሳይም። ለምሳሌ ከምንም ጋር ያልተገናኘ የግቤት እግር ሲሙሌተር ላይ ዝም ብሎ 0 ሊያሳይ ይችላል፤ እውነተኛው ቦርድ ላይ ግን እጃችሁን ስታስጠጉት ብቻ 0 እና 1 እያለ ይዋልላል። ሲሙሌተር ላይ ብቻ ያለቀ የመመረቂያ ፕሮጀክት መምህሩ ፊት የሚወድቀው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ኤልኢዲ ማብራት ከተቻለ በኋላ ምን ይሠራ? እኔ የምመርጠው የሮቶ ጥበቃን ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ ሞልቶ ሲፈስ ማየት ያበሳጫል። የሚያስፈልገው ተንሳፋፊ ስዊች፣ ባዘር፣ ሬዚስተርና ሽቦ ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ሽቦ ረጅም ስለሆነ ቺፗ ውስጥ ያለው ፑልአፕ ደካማ ነው፤ ከውጭ ባለ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጨምሩበት። ውኃው ሲናወጥ ስዊቹ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ፕሮግራሙ 5 ሰከንድ ያህል ሳይለወጥ ሲያገኘው ብቻ "ሞልቷል" ይበል። ፓምፕና 220 ቮልት ግን ለጊዜው ይቆዩ፤ ባዘሩ ይበቃል።

ኤልሲዲ መጨመር የሚፈልግ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፦ ተራው ባለ 2 መስመር ኤልሲዲ የግዕዝ ፊደል አያውቅም፣ ራሳችን ሥለን የምናስገባለትም 8 ምልክት ብቻ ነው። በነገራችን ላይ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ "ቢሻን ጉቴራ" የሚለው ያለ ምንም ችግር ይወጣል፤ የነቀምቴ ሰው ሁሉ ያነበዋል።

መብራት ሲጠፋስ? ቺፗ ራሙ ላይ ያለውን ሁሉ ረስታ ከዜሮ ትጀምራለች። ሮቶው ስንት ጊዜ እንደሞላ መቁጠር ከፈለጋችሁ ቁጥሩን መብራት ቢጠፋም በማይጠፋው 1 ኪሎባይት ኢኢፕሮም ላይ ጻፉት። እሱም ቢሆን አንዱ ቦታ ዋስትና ያለው ለ100,000 ጊዜ መጻፍ ነው፤ በየሰከንዱ ብትጽፉበት ያ 28 ሰዓት እንኳ አይሞላም። በሞላ ቁጥር አንዴ ብቻ ከጻፋችሁ ግን ሮቶው ቀድሞ ያረጃል።