ከፎርማት በኋላ የሚጠፋው ድራይቨር

ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ሲጫንበት ብዙ ጊዜ ግራ የሚያጋባ ነገር ይከተላል። ማሽኑ በደንብ ይነሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። ዋይፋዩ ምንም ኔትወርክ አያሳይም። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ያለ ልክ ይተልቃል፣ ብርሃኑም አልቀንስ አልጨምር ይላል። በዚህ ጊዜ «ካርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ያልተበላሸ ዕቃ ለማስቀየር ገንዘብ የሚያወጣ ሰው አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተቃጠለ ነገር የለም፤ የጎደለው ድራይቨር ነው።

ድራይቨር የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ትእዛዝ አንድ የተወሰነ ዕቃ በሚሠራበት መንገድ የሚያደርስ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ድምፅ እንዲሰማ ያዛል፤ ያ ድምፅ እንዲወጣ በቺፑ የትኛው ክፍል ላይ ምን ቁጥር መጻፍ እንዳለበት ጠንቅቆ የሚያውቀው ግን ቺፑን የሠራው ኩባንያ ነው። ኩባንያው ይህን እውቀቱን በድራይቨር አድርጎ ይሰጣል። ድራይቨሩ የሚቀመጠው ዊንዶውስ ባለበት ዲስክ ላይ ስለሆነ ፎርማት ሲደረግ አብሮ ይጠፋል።

ኪቦርድ፣ ማውስና ፍላሽ ግን ወዲያው ይሠራሉ። እነዚህ ዕቃዎች ማንም ይሥራቸው ማን አንድ የጋራ ደንብ ስለሚከተሉ ዊንዶውስ ድራይቨራቸውን ይዞ ይመጣል። ለስክሪኑም ጊዜያዊ መሠረታዊ ድራይቨር አለው፤ ምስሉ ይታያል፣ ጥራቱ ግን ዝቅ ይላል።

የጎደለውን ለማወቅ የስታርት ምልክቱን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ዲቫይስ ማኔጀርን መክፈት ነው። ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት ዕቃ ችግር አለበት፤ ሲከፈት ኮድ 28 ካለ ድራይቨሩ አልተጫነም ማለት ነው። ዕቃው «አንኖውን ዲቫይስ» ተብሎ ቢመጣም ማንነቱ አልጠፋም። ዲቴይልስ በሚለው ገጽ ሃርድዌር አይዲ የሚባለውን መመልከት ይበቃል። አብዛኛው የውስጥ ካርድና ቺፕ የሠሪውንና የሞዴሉን ቁጥር በራሱ ውስጥ ይይዛል፤ የትኛውም ፎርማት አያጠፋውም። የኢንቴል ቁጥር 8086 ነው፤ ኩባንያው በ1978 ባወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ስም የተመረጠ። 1002 ደግሞ የኤኤምዲን ግራፊክስ ካርድ ያመለክታል።

ከዚያ መጀመሪያ ኢንተርኔት ማግኘት ያስፈልጋል። ዋይፋዩ ካልሠራ የአንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ኬብል አገናኝቶ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን መክፈት ብዙ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራል። ብዙ ስልኮች የያዙትን ዋይፋይ ራሱን ስለሚያጋሩ የሞባይል ዳታም ላይፈጅ ይችላል። ቀጥሎ ዊንዶውስ አፕዴትን ማስኬድ፣ ኦፕሽናል አፕዴትስ የሚለውንም አለማለፍ ነው፤ ብዙ ድራይቨር እዚያ ይገኛል።

የቀረውን ከላፕቶፑ ሠሪ ማውረድ ይቻላል። ለዴል የሰርቪስ ታግ፣ ለኤችፒና ለሌኖቮ የሲሪያል ቁጥር ይጠየቃል፤ ብዙውን ጊዜ በላፕቶፑ ሆድ ላይ ተጽፏል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ድራይቨር ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀ ነው። ከቺፕሴቱ ጀምሮ ወደ ግራፊክስ፣ ድምፅና ዋይፋይ መሄድ ጥሩ ቅደም ተከተል ነው። 11ኛ ትውልድ ኢንቴልና ከዚያ ወዲህ ባሉ አንዳንድ ላፕቶፖች ዊንዶውስ ገና ሲጫን ዲስኩን ላያየው ይችላል። ያኔ የኢንቴልን የስቶሬጅ ድራይቨር በፍላሽ አዘጋጅቶ «ሎድ ድራይቨር» በሚለው ማስገባት ነው።

ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እናገኛለን ከሚሉ የማይታወቁ ፕሮግራሞች መራቅ ይገባል። ብዙ ድራይቨሮች በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ ስለሚሠሩ ስህተታቸው ማሽኑን በሰማያዊ ስክሪን ሊያቆም ይችላል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ዲጂታል ፊርማ የሌለውን እንዲህ ያለ ድራይቨር የማይቀበለው ለዚህ ነው፤ ያን ጥበቃ ማጥፋት አይገባም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀድሞ ማስቀመጥ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ፒኤንፒዩቲል የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ ኋላ የተጨመሩትን ድራይቨሮች በሙሉ ወደ ፍላሽ ይገለብጣል። ከፎርማት በኋላ ዲቫይስ ማኔጀርን ወደዚያ ፎልደር መምራት ብቻ ይበቃል። ላፕቶፑን ለባለሙያ የሚሰጥ ሰው ስለ ፎቶውና ስለ ሰነዱ አደራ እንደሚለው ሁሉ ድራይቨሩንም አብሮ አደራ ይበል።