«ታውበ»፦ ከሐረግ ዘር የተወለደችው የጦር አውሮፕላን

አውሮፕላን የፈጠሩ ሰዎች ከተፈጥሮ የተማሩት ከአእዋፍ ብቻ ነበር? በአንደኛው የዓለም ጦርነት መባቻ ጀርመን ያሰለፈቻት ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን «ታውበ» ትባላለች፤ በጀርመንኛ «እርግብ» ማለት ነው። የክንፏ ሐሳብ የተገኘው ግን ከእርግብ ሳይሆን ከአንድ ተክል ዘር ነው።

በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች ውስጥ አልሶሚትራ ማክሮካርፓ የሚባል፣ ከዱባና ከቅል ጋር የሚዛመድ ሐረግ ይበቅላል። ፍሬው ሲደርስ ከግርጌው ይከፈትና ስስ ክንፍ ያላቸውን ዘሮች ወደ አየር ይለቅቃል። ዘሩ ጅራት የለውም፤ ሆኖም ሳይገለበጥ እየተንሳፈፈ ርቆ ይወርዳል። ምስጢሩ ያለው በስበት ማዕከሉ አቀማመጥና ወደ ኋላ በተሳቡት የክንፉ ጫፎች ላይ ነው። ነፋስ ሲያናውጠው ራሱ ወደ ሚዛኑ ይመለሳል።

ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ፍሪድሪኽ አልቦርን ይህን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1897 በጽሑፍ ገለጹ። ኦስትሪያዊው ኢጎ ኤትሪኽ ደግሞ ሐሳቡን ወስዶ፣ የወፍ ጅራት የመሰለ ጅራት ጨምሮበት፣ በ1910 ታውበን አበረራት። በጀርመን የሩምፕለር ፋብሪካ፣ ኋላም ሌሎች በርካታ ፋብሪካዎች ሠሯት። ፍጥነቷ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። አብራሪው ወደ ጎን የሚያዘነብላት የክንፎቿን ጫፎች በሽቦ እየጠመዘዘ ነበር።

በራሷ ሚዛኗን የምትጠብቅ አውሮፕላን ለጀማሪ አብራሪም ለቃኚም ትመች ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1911 ጣሊያናዊው ጁሊዮ ጋቮቲ በሊቢያ ሰማይ ላይ ከታውበ ትናንሽ ቦምቦችን በእጁ ወረወረ፤ ይህም በታሪክ የመጀመሪያው የአውሮፕላን ቦምብ ድብደባ ተብሎ ይታወቃል። በኦገስት 1914 ደግሞ ጀርመናውያን በታውበ ፓሪስን ደበደቡ። በዚያው ወር በታነንበርግ ውጊያ የሩሲያን ሠራዊት እንቅስቃሴ ከአየር የቃኙት በዚህችው አውሮፕላን ነበር።

ዘመኗ ግን አጭር ሆነ። የተደገነባት ጠመንጃ አልነበረም፤ ክንፏን ከሥር የሚደግፈው መዋቅርና የሽቦው ብዛት የአየር ተቃውሞ እየፈጠረ ፍጥነቷን ይገታው ነበር። ከሁሉ በላይ የጎዳት ያው የተመሰገነችበት ጠባይዋ ነው፤ ሚዛኗን አጥብቃ የምትጠብቅ አውሮፕላን በፍጥነት መታጠፍን እሺ አትልም። የጠላት አውሮፕላኖች መሣሪያ መታጠቅ ሲጀምሩ ታውበ ከግንባር ተነሥታ ለአብራሪዎች ማሠልጠኛ ተመደበች።

መርጋትና ቅልጥፍና የሚጋጩ መሆናቸው ዛሬም የአውሮፕላን መሐንዲሶችን ያከራክራል። ኤፍ 16ን የመሰሉ ተዋጊ ጄቶች ሆን ተብሎ ሚዛናቸው እንዲላላ የተደረገ ሲሆን፣ ኮምፒዩተር በየቅጽበቱ እያረመ ያበራቸዋል። ታውበን ለማየት የሚሻ ደግሞ የኤትሪኽን ሥራ በቪየና የቴክኒክ ሙዚየም ያገኘዋል።