የሒሳብ ኖት፦ በኪቦርድ፣ በታብሌት ወይስ በደብተር?

ተማሪዎች ደጋግመው ይጠይቁኛልና መልሱን እዚህ ላስቀምጥ።

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ኪቦርድ ፈጣን ነው። ሒሳብ ግን በአንድ መስመር አይሄድም። ክፍልፋይ ላይና ታች አለው፣ ኢንቲግራል ከነወሰኖቹ ይጻፋል፣ ማትሪክስ ረድፍና ዓምድ ይፈልጋል። እናንተ ምልክቱን ስትፈልጉ መምህሩ ሰሌዳውን አጥፍቶ ያልፋል።

ስለዚህ፦

1. ክፍል ውስጥ በእጅ ጻፉ። ስታይለስ ያለው ታብሌት ካላችሁ ጥሩ ነው። ከሌላችሁ ደብተር ላይ ጽፋችሁ በስልክ ስካን አድርጉና በፒዲኤፍ አስቀምጡት።

2. የሰሌዳ ፎቶ ብቻውን ኖት አይሆንም፤ እርምጃውን እንጂ ምክንያቱን አይዝም። መምህሩ በቃል ያሉትን፣ ለምሳሌ «እዚህ ማካፈል የቻልነው አካፋዩ ዜሮ ስላልሆነ ነው» የሚለውን፣ ከእርምጃው ጎን አስፍሩ።

3. ላቴክን ለቤት አቆዩት። ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ቴክ የተባለ ፕሮግራም ላይ ሌስሊ ላምፖርት የገነባው ይህ ሥርዓት ዛሬ የሒሳብ ጽሑፎች የሚዘጋጁበት ዋና መሣሪያ ነው። ክፍል ውስጥ የጻፋችሁትን ፕሩፍ በማግስቱ ስትተይቡት ያልገባችሁ እርምጃ ወዲያው ይታያችኋል። የላቴክ መጻፊያው ኦቨርሊፍ በብራውዘር ይሠራል፤ ኔትወርክ ካስቸገራችሁ ላቴክን የያዘውን ቴክ ላይቭን አንዴ ጭናችሁ ያለ ኢንተርኔት ሥሩ።

4. ፋይሉን በትምህርቱ፣ በርዕሱና በቀኑ ሰይሙት። ለፈተና ሰሞን «አዲስ ፋይል 7» ማንንም አይረዳም።

ታብሌት ልትገዙ ካሰባችሁ ደግሞ ሱቁ ውስጥ መዳፋችሁን ስክሪኑ ላይ አሳርፋችሁ ጻፉበት። የመዳፉን ንክኪ እንደ ጽሑፍ ከቆጠረው አትግዙት።