ቱሪስት የሚያየውና ባለሀብት የሚያየው

ከካምፑ የጂኦግራፊ ተማሪዎች የደረሰን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «አክሱምና ላሊበላን የመሰለ ቅርስ ያላት አገራችን ለምን ኬንያን ያህል ቱሪስት አላገኘችም? ባለሀብቱስ ገንዘቡን ለማፍሰስ ለምን ያመነታል?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም መልሱን ያሳጥሩታል፤ «አላስተዋወቅንም» ብለው ይገላገላሉ። እኛ ግን ነገሩ ከማስታወቂያ ያለፈ ነው ባዮች ነን። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የምንጽፈው ናይሮቢ ውስጥ ፓርክላንድስ ሆነን ነው። ከዚህ በእግር ወደ ሙዚየም ሂል ስንወርድ የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። በ1984 ከቱርካና ሐይቅ በስተምዕራብ የተገኘው፣ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው «የቱርካና ልጅ» አጽም የሚገኘው እዚያ ነው። የእኛዋ ሉሲ ደግሞ በ1974 አፋር፣ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ ቤቷም አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። በዕድሜ ከሆነ እኛ እንበልጣለን። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ፓርክም በ1978፣ ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች ሲመዘግብ አብረው ገብተዋል። ስለዚህ ችግሩ የሚታይ ነገር ማጣት አይደለም።

ታዲያ ምንድነው? ቱሪስቱ የሚያየው ቤተ ክርስቲያኑን፣ ተራራውን፣ አንበሳውን ነው። ባለሀብቱ ግን የሚያየው አዳር ነው። ቱሪስቱ ስንት ሌሊት ያድራል? በስንት ብር? ለስንት ዓመት?

የሐሳብ ምሳሌ እንውሰድና አብረን እናስላ። አንድ ሰው ተበድሮ ባለ 40 ክፍል ሆቴል ሠራ እንበል። 40 ክፍል በ365 ቀን ሲባዛ 14,600 አዳር ይሆናል። ግማሹ ቢያዝ 7,300 ነው። አንዱን አልጋ በ3,000 ሽልንግ ቢያከራይ በዓመት 21,900,000 ሽልንግ ያገኛል። ለደመወዝ፣ ለምግብ፣ ለጄኔሬተርና ለባንክ ዕዳ 18 ሚሊዮን ቢያወጣ 3,900,000 ይተርፈዋል፤ ደህና ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጸጥታ ደፈረሰና አምስተኛው እጅ ብቻ ተያዘ እንበል፦ 2,920 አዳር፣ 8,760,000 ሽልንግ። ሰው ቢቀንስ፣ ቢቆጥብ ወጪውን ወደ 13 ሚሊዮን ያወርደው ይሆናል። ያም ሆኖ ከ4 ሚሊዮን በላይ ይጎድለዋል፤ ባንኩ ደግሞ «ሰላም እስኪሆን» ብሎ አይጠብቅም። ባለሀብት ፈሪ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሆቴል እንደ ሱቅ ዕቃ ጠቅልለው የሚሄዱበት ነገር አይደለምና።

በአገራችን ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዱ አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅትን አቋቁመው ሲመሩ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር አወጡ፤ የጳጉሜን አምስት ስድስት ቀን ሸቀጥ አደረጉት ማለት ነው! መፈክሩ በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚል እስኪተካ ድረስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖሯል። ሰው የሚያስታውሳቸው በፖስተሩ ነው። እኛ የምናደንቀው ግን ፖስተሩ ብቻውን አለመቆሙን ነው። በ1946 ወደ ካይሮ መብረር የጀመረው አየር መንገድ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን አገናኘ፤ ከጎኑ ሆቴል ተሠራ፣ አስጎብኚ ሰለጠነ። ያኔ ዋናው ባለሀብት መንግሥት ራሱ ነበር። ከ1974 በኋላ ሆቴል ሲወረስና አገር ውስጥ ለመንቀሳቀስ እንኳ ፈቃድ ሲጠየቅ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። የግል ባለሀብት በሰፊው የተመለሰው ከ1991 በኋላ ነው፤ ሩጫውን በሪከርድ ያጠገበን ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2010 ሐዋሳ ላይ የከፈተው ሪዞርት ዛሬ በበርካታ ከተሞች ወንድምና እህት አፍርቷል።

ኬንያ ምን አደረገች? በ1975 በስዊዘርላንድ እርዳታ ኡታሊ ኮሌጅን ከፍታ አስተናጋጁን፣ ምግብ አብሳዩን፣ አስጎብኚውን በብዛት አሰለጠነች። መሬትን በተመለከተ የ2010 ሕገ መንግሥት የውጭ ዜጋ እስከ 99 ዓመት በሊዝ መያዝ እንደሚችል ቁርጥ አድርጎ ይናገራል። ማሳይ ማራ ዙሪያ ደግሞ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የማሳይ ባለይዞታዎች መሬታቸውን ለካምፕ ባለቤቶች በማከራየት ቋሚ ክፍያ ማግኘት ጀመሩ። እኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ባለሀብቱ የሚደራደረው በአብዛኛው ከአስተዳደሩ ጋር ነው፤ አጠገቡ ያለው ገበሬ ከሎጁ የሚያገኘው ነገር ከሌለ ሎጁን ለምን ይጠብቀዋል? በዚህ እኛ ከማሳዮቹ ብንማር አናፍርም። ኬንያ በ2024 ወደ 2.4 ሚሊዮን የውጭ ጎብኚ ተቀብላለች።

ግን ኬንያም ቢሆን ዋስትና የላትም። በመስከረም 2013 ከፓርክላንድስ አጠገብ ያለው የዌስትጌት የገበያ ማዕከል ተጠቅቶ 67 ሰዎች ተገደሉ። በቀጣዩ ዓመት የምዕራብ መንግሥታት የጉዞ ማስጠንቀቂያ ሲያወጡ ከብሪታንያ የመጡ ቱሪስቶች ከሞምባሳ በአውሮፕላን ተጭነው ተመለሱ። ማስጠንቀቂያው ተራ ምክር እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ከወጣ የብዙ ተጓዦች ኢንሹራንስ አይሠራም፣ ኢንሹራንስ ከሌለ የጉዞ ድርጅቱ አይሸጥም። በምዕራብ አፍሪካ ያለችው ጋምቢያ ደግሞ ከ1965 ጀምሮ ከስካንዲኔቪያ የሚመጣ ቱሪስት ለምዳ ነበር። በ2014 ኢቦላ ጎረቤቶቿን ሲመታ እሷ ዘንድ አንድም ሰው ሳይታመም ቱሪስቱ ቀረባት። ፈረንጁ ካርታው ላይ አካባቢውን እንጂ ድንበሩን አያይም።

ላሊበላ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ደረሰባት፦ በ2020 ኮሮና፣ በ2021 ጦርነት፤ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ግጭት ተጨመረ። ቤተ ክርስቲያናቱ እዚያው ቆመዋል። የተጎዳው በቀን ገቢ የሚኖረው አስጎብኚ፣ ጫማ ጠባቂ፣ በቅሎ አከራይና ለሆቴሉ ዕንቁላል የምታቀርበው እናት ናት።

ለእኛ ይህ ምን ይጠቅመናል? ስደተኛ ሆቴል አይሠራም ትሉ ይሆናል። ሆኖም ኬንያ በ2021 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ መሠረት የመሥራት መብት ታውቋል፤ የሥራ ፈቃዱ «ክላስ ኤም» ይባላል፤ ወረፋውና ወረቀቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። አማርኛ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ አስተካክሎ የሚናገር ወጣት ደግሞ ለዚህ ሙያ ባዶ እጁን አይደለም።

ካኩማ ላላችሁ ተማሪዎች የቤት ሥራ እንስጥ። ቱርካና ሐይቅ ዳር ያሉት ፓርኮች በ1997 በዓለም ቅርስነት መመዝገብ ጀምረዋል፤ ሎድዋር ከናይሮቢ በአውሮፕላን ይደረስባታል። ሎድዋርን የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቁ፦ ስንት አልጋ አለ? ውኃው ከየት ይመጣል? እንግዳ የሚበዛው በየትኛው ወር ነው? ከዚያ ከላይ እንዳደረግነው አስሉና ላኩልን፤ ጥሩዎቹን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።