ምጣዱ ሁለት፣ ሽቦው አንድ

በአዲስ አበባ፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ፣ ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ አለ እንበል። የዓመት በዓል ዋዜማ ነው። አንዷ ጎረቤት ምጣዷን ትሰካለች። ሌላዋም ትሰካለች። ጥቂት ቆይቶ ግቢው በሙሉ ይጨልማል። «መብራት ሄደ!» ይባላል። ግን የማዶው ቤት መብራት ቦግ ብሎ ይታያል። ታዲያ ምን ሆነ?

እህል በቁና ይለካል። የኮረንቲ ፍሰት ደግሞ በአምፔር ይለካል። በአገራችን ቤት የሚገባው ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ሁለት ምጣድ 32 ይሆናል። ሽቦው የሚችለው 20 ብቻ ቢሆንስ? ይግላል። ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። የሽቦው ልባስ ይቀልጣል። በጭቃ ቤት ደግሞ ሽቦው የሚያልፈው በእንጨትና በኮርኒስ ላይ ነው።

ይህ እንዳይሆን ከቆጣሪው አጠገብ ጠባቂ ይደረጋል። ድሮ በብዛት ፊውዝ ነበር። ፊውዝ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ያለ ቀጭን ሽቦ ነው። ኮረንቲ ከልኩ ሲያልፍ እሱ ቀድሞ ይቀልጥና መንገዱን ይቆርጣል። ማረሻ ከድንጋይ ሲጋጭ ምራኑ ቢበጠስ ሞፈሩ ይተርፍ የለ? እንደዚያው ነው።

ብሬከር ግን አይቀልጥም። በውስጡ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ስስ ቁራጭ አለ። ሲሞቅ አንዱ ብረት ከሌላው ይበልጥ ይረዝማል። ቁራጩ ይጎብጥና ብሬከሩን ይጥለዋል። መሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁለት ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ወዲያው የማይጠፋው ለዚህ ነው። ሁለት የተላጡ ሽቦዎች ከተነካኩ ግን መጠበቅ የለም። እዚያው ብሬከሩ ውስጥ ያለ ማግኔት በቅጽበት ይጥለዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንዱን ምጣድ ነቅሎ፣ ብሬከሩን መልሶ፣ በተራ መጋገር ነው። አንዳንዱ ሰው ግን ይቸኩላል። በተቃጠለው ፊውዝ ፈንታ ወፍራም ሽቦ ይጠመጥማል። ወይም የ20 ብሬከር አውጥቶ የ40 ያስገባል። መብራቱ አይጠፋም። እሱም «ሠራሁት!» ይላል። ይህ ዘበኛውን አስሮ ተኝቶ ማደር ነው። አሁን ቀድሞ የሚቀልጠው የግድግዳው ሽቦ ነው። ትልቅ ብሬከር የሚገባው ባለሙያ ወፍራም ሽቦ ከዘረጋ በኋላ ነው።

ደግሞ ፊውዝና ተራ ብሬከር የሚጠብቁት ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። ሰው ለመግደል የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ ይበቃል። 20 አምፔር የሚጠብቅ ብሬከር ያን ታህል አያያትም።