የማስተርፖይንት አከፋፈል፦ አንድ ውድድር፣ ሦስት እርከን

ማስተርፖይንት ብሪጅ የተባለው የካርታ ጨዋታ ተጫዋች ዕውቅና ባለው ውድድር ላስመዘገበው ውጤት በብሪጅ ማኅበር መዝገብ የሚጻፍለት ነጥብ ነው። በሰሜን አሜሪካ አሠራሩ የተጀመረው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ የሚመራው በ1937 በተመሠረተው የአሜሪካ ኮንትራት ብሪጅ ሊግ ነው። በተራ የክለብ ጨዋታ የሚገኘው ነጥብ «ጥቁር» ይባላል፤ ብር፣ ቀይ፣ ወርቅና ፕላቲነም የሚገኙት ከዚያ ከፍ ባሉ ውድድሮች ነው።

የተመዘገበ ነጥብ አይቀነስም። በመሆኑም ከችሎታ ጋር የዕድሜንና የጨዋታን ብዛት ያሳያል። ሺህ ነጥብ ያለውን ሁሉ ጎበዝ፣ ሃያ ነጥብ ያለውን ሁሉ ደካማ ብሎ መፈረጅ በየክለቡ የሚታይ ስንፍና ነው።

የክለብ ብሪጅ አብዛኛውን ጊዜ ዱፕሊኬት ነው። አንዴ የተበወዘው ካርታ ቦርድ በሚባል መያዣ ሆኖ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስለሚዞር ሁለት ሁለት ሆነው የሚጫወቱት ጥንዶች ሁሉ በተመሳሳይ ካርታ ይወዳደራሉ። የካርታ ዕድል በዚህ ይወገዳል፤ የልምድ ልዩነት ግን አይወገድም። ሽልማቱ በአጠቃላይ ደረጃ ብቻ ከተሰጠ በየሳምንቱ የሚያሸንፉት ያው የታወቁ ጥንዶች ይሆናሉ፤ ጀማሪውም ቀስ በቀስ ይቀራል። ጀማሪዎችን ለብቻ ማጫወት ደግሞ ትንሽ ክለብን ጠረጴዛ ያሳጣዋል፤ ጀማሪውም ከተሻለ ተጫዋች የሚማርበትን ዕድል ያጣል።

መፍትሔው በእርከን መክፈል ነው። ሁሉም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ዓይነት ካርታ ይጫወታል፤ የሚከፈለው ውጤቱ ብቻ ነው። ጥንዶች በማስተርፖይንታቸው ብዛት የሚመደቡባቸው እርከኖች ከላይ ወደ ታች ብዙውን ጊዜ ኤ፣ ቢ እና ሲ ይባላሉ።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ይሳሳታል። እርከኖቹ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ውድድሮች አይደሉም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ ነው። በኤ እርከን የሚቆጠረው ክፍሉ ሙሉ ነው። በቢ የቢና የሲ ጥንዶች ይቆጠራሉ። በሲ የሲዎቹ ብቻ። የሲ ጥንድ ከሁሉም በልጦ ካጠናቀቀ የኤን አንደኛነት ሙሉ በሙሉ ይወስዳል፤ ማንም አይከለክለውም።

ቀለል ባለ ስሌት ማየት ይቻላል። አንደኛ የወጣ በጠረጴዛ 0.10 ነጥብ፣ ሁለተኛው የዚያን 70፣ ሦስተኛው 50፣ አራተኛው 35 በመቶ ያገኛል እንበል። በ6 ጠረጴዛ 12 ጥንዶች ተጫወቱ፤ በየእርከኑ 4 ጥንዶች አሉ። የኤ አንደኛ 0.60 ያገኛል። በቢ የሚቆጠሩት 8 ጥንዶች ወይም 4 ጠረጴዛ ስለሆኑ አንደኛው 0.40፣ በሲ ደግሞ አንደኛው 0.20 ያገኛል። ሁለት የኤ ጥንዶች ቀድመው፣ አንድ የሲ ጥንድ በአጠቃላይ ሦስተኛ፣ አንድ የቢ ጥንድ አራተኛ ወጡ። የሲው ጥንድ በኤ ሦስተኛ ሆኖ 0.30፣ በቢ አንደኛ ሆኖ 0.40፣ በሲ አንደኛ ሆኖ 0.20 ይገባዋል። ሦስቱ አይደመሩም፤ የሚመዘገብለት ትልቁ፣ 0.40 ነው። የቢው ጥንድ በኤ 0.21፣ በቢ ሁለተኛ ሆኖ 0.28 ይገባዋል፤ 0.28ቱን ይወስዳል። ከፊቱ ያለው የሲ ጥንድ ስለሆነ ብቻ ወደ አንደኛነት ከፍ አይልም። «የቢን ሽልማት ሲ ወሰደው» የሚለው የተለመደ ቅሬታም መሠረት የለውም።

ከስሌቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ወሰኑን ማስመር ነው። ወሰኑ በዕለቱ ከሚመጡት ሰዎች መነሣት አለበት። አባላቱ በአብዛኛው ከ300 ነጥብ በታች የሆኑበት ክለብ ከትልቅ ውድድር 2,000ን ገልብጦ ወሰን ቢያደርግ ኤ ባዶ ይቀራል፤ አንጋፋውና አዲሱ እንደገና ይቀላቀላሉ። በየእርከኑ ተቀራራቢ ቁጥር ያላቸው ጥንዶች ሲኖሩ ጥሩ ነው። አንድ ጥንድ ብቻ ያለበት እርከን የሚሸልመው መገኘትን ነው።

ጥንዱ በማን ነጥብ ይመደብ የሚለውም መወሰን አለበት። ከሁለቱ በከፍተኛው ከሆነ፣ ጀማሪን ይዞ የሚያስተምር አንጋፋ ሁልጊዜ ከኤ ጋር ይመደባል። በአማካይ ከሆነ፣ 4,000 እና 20 ነጥብ ያላቸው ሁለት ተጫዋቾች በ2,010 ይመደባሉ፤ ማስተማር ይበረታታል፤ ነገር ግን አንጋፋው ዝቅ ባለ እርከን የሚሸለምበት በር ይከፈታል።

የአቀማመጥ ጉዳይ በቸልታ ይታለፋል። ሚቸል በሚባለው አዟዟር ሰሜን‑ደቡብ የተቀመጡ የሚነጻጸሩት እርስ በርስ ብቻ ነው፤ ምሥራቅ‑ምዕራብም እንዲሁ። አንጋፋዎቹ ቀድመው መጥተው የማይንቀሳቀሰውን የሰሜን‑ደቡብ ወንበር በአብዛኛው ከያዙ፣ በዚያ መስመር የተቀመጠ ጀማሪ ከእነርሱ ጋር ብቻ ይለካል፤ በሌላው መስመር ያለው ግን ቀላል ፉክክር ያገኛል። የትኛውም የእርከን ሠንጠረዥ ይህን አያቃናም። የውድድሩ ዳይሬክተር ጠንካራዎቹን በሁለቱ መስመሮች ማከፋፈል አለበት፤ ጥንዶቹ ጥቂት ከሆኑ አንድ አሸናፊ ብቻ የሚወጣበትን ሃዌል የተባለውን አዟዟር መጠቀም ይሻላል።

ወሰኑም ሆነ የምደባው ደንብ መታወቅ ያለበት ካርታ ከመታደሉ በፊት ነው። ውጤት ከታየ በኋላ የሚሰመር ወሰን፣ የቱንም ያህል በቅን ልብ ቢሰመር፣ አድልዎ ነው።