የጭነት መኪና አየር ማስገቢያ

የጭነት መኪና አየር ማስገቢያ ማለት ከውጭ አየር ስቦና አጣርቶ ወደ ሞተሩ የሚያደርስ የቱቦዎችና የማጣሪያ ሥርዓት ነው። ማጣሪያው በጋራዥ ቋንቋ «ፊልትሮ» ይባላል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ ፒስተን የሚመላለስበት «ካሚቻ» እና በፒስተኑ ዙሪያ የሚገቡት ቀለበቶች፣ ማለትም «ፋሻ»፣ መነሻቸው ያው ነው። በደጋ አካባቢ የሚሠሩ ባለንብረቶችና ሾፌሮች የመኪናውን ጉልበት ለመጨመር ይህን ሥርዓት ብዙ ጊዜ በራሳቸው ይለውጡታል። ይህ ጽሑፍ ለውጡ ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያስከፍል የአዊ ዞንን ምሳሌ ይዞ ያስረዳል።

የሞተር የአየር ፍላጎት

1 ኪሎ ግራም ናፍጣ ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.5 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። የናፍጣ ሞተር ጥቁር ጭስ ሳያወጣ እንዲሠራ ደግሞ ከዚህ የበለጠ አየር ይፈልጋል። በኢትዮጵያ በብዛት ከሚታየው አይሱዙ ኤንፒአር ሞተሮች አንዱ 4.6 ሊትር ገደማ ይዘት አለው። ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚስብ፣ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ያለ ተርቦ እንኳ በደቂቃ እስከ 4,600 ሊትር አየር ይወስዳል። የዚህን ያህል አየር ውስጥ ያለው አቧራ ሁሉ የሚቀረው ፊልትሮው ላይ ነው።

ከፍታ የሚወስደው ጉልበት

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ዳንግላን ያቋርጣል። በዚህ መስመር ከሚጫኑት ዕቃዎች አንዱ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ከዲከረንስ ዛፍ የሚመረተው ከሰል ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ከነጭነቱ የዓባይን በረሃ ወርዶ እንደገና ይወጣል። ሾፌሩ «ሞተሩ ታፈነ» የሚለው እንዲህ ባለው ዳገት ላይ ነው።

አባባሉ እውነት አለው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። 2,560 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በእንጅባራ ግን ወደ 74፣ ከዚያ ዝቅ በምትለው በዳንግላ ወደ 78 ይወርዳል። በእንጅባራ 27 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ከሩብ በላይ ጎድሏል ማለት ነው። ንጹሕ ፊልትሮ ከነቱቦው የሚቀንሰው ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ፓስካል ብቻ ነው። ፊልትሮው ይቀየር የሚባልበት የተለመደ ገደብም ወደ 6 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ስለዚህ ንጹሑን ፊልትሮ አውጥቶ የሚጥል ሰው ከፍታው ከወሰደበት 27 ውስጥ የሚያስመልሰው ሁለት ወይም ሦስት ነው። የጎደለውን በአመዛኙ ሊያካክስ የሚችለው ተርቦ ነው፤ እሱ ደግሞ በደጋ ከወትሮው በበለጠ ፍጥነት ስለሚዞር አቧራ የሚያደርስበት ጉዳት ይከፋል።

በቤት የሚደረጉ ለውጦች

የተለመዱት የፊልትሮውን ቤት መብሳት፣ ከሁለቱ ፊልትሮዎች የውስጠኛውን አውጥቶ መተው፣ ሙሉውን ቤት አንስቶ ክፍት ፊልትሮ መግጠም እና ቱቦውን በሌላ መተካት ናቸው። አንዳንዱ ከዚህ ጋር ፖምፓውን አስከፍቶ የናፍጣውን መጠን ያስጨምራል። አየር በሌለበት ናፍጣ መጨመር ጥቁር ጭስና ሙቀት ያበዛል፤ ሙቀቱም ቴስታታውንና ተርቦውን ይጎዳል።

ለውጡን ያደረገ ሾፌር ብዙ ጊዜ «መኪናው ተሻለው» ይላል፤ አይዋሽም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቤቱ ሲከፈት የሞተሩና የተርቦው ድምፅ ስለሚጎላ ጉልበት የተጨመረ ይመስላል። ሁለተኛ፣ አሮጌው ፊልትሮ ተደፍኖ ከነበረ ማውጣቱ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል። ያንኑ ለውጥ ግን አዲስ ፊልትሮም ያመጣው ነበር።

ኮምፒውተር ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች ላይ ሌላ ችግር አለ። የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር የተስተካከለው በዙሪያው ላለው ቱቦ ስፋት ነው። ቱቦው ሲሰፋ በሴንሰሩ በኩል የሚያልፈው አየር ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ኮምፒውተሩ አየሩ ያነሰ ይመስለዋል፤ ናፍጣውን የሚያዘውም በዚያ የተሳሳተ ቁጥር ነው። ማሽኑ የተሰጠውን ቁጥር ያምናል።

የአቧራ ጉዳት

ከአስፋልቱ ወጥቶ በጠጠር መንገድ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባ መኪና በበጋ የራሱን አቧራ ይስባል። ሞተር የሚበላው ትልቁ አሸዋ ብቻ አይደለም። በዓይን የማይለይ፣ ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ የሚያንስ ብናኝ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ፋሻውንና ካሚቻውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። መጀመሪያ ዘይት መብላት፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ጭስ፣ በመጨረሻም ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለት ይመጣል። ይህ ሁሉ በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሆን ባለቤቱ ከፊልትሮው ጋር አያያይዘውም።

ፊልትሮን ቶሎ ቶሎ ማጽዳትም ጥቅሙ እንደሚታሰበው አይደለም። የወረቀት ፊልትሮ ትንሽ አቧራ ሲይዝ ከአዲሱ የተሻለ ያጣራል። በጋራዥ ኮምፕሬሰር ሙሉ ኃይል ሲነፋ ወይም ከመሬት ጋር ሲላተም ግን ወረቀቱ በማይታይ ሁኔታ ይቀደዳል። የውስጠኛው ፊልትሮ ጨርሶ አይጸዳም፤ ይቀየራል እንጂ።

ጉዳት የማያመጣ ማሻሻያ

ከፊልትሮው በፊት ያለው ክፍል ላይ መሥራት ብዙም አያሰጋም። አየሩ የሚገባበትን አፍ ከጋቢናው ጀርባ ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ከጎማ የሚነሳውን አቧራ ይቀንሳል፤ ጎርፍ ሲሻገሩም ውኃ እንዳይገባ ይረዳል። ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ቢዬላ ያጣምማል። አፉ ዝናብ እንዳይቀበል መሸፈን አለበት፤ አዊ ክረምቱ ብርቱ ነው። አየሩን አሽከርክሮ ከባዱን አቧራ የሚጥል ቅድመ ማጣሪያ መጨመርም ፊልትሮው ረጅም ጊዜ እንዲያገለግል ያደርጋል። አዲሱ ቱቦ ከቀድሞው ሊጠብ አይገባም፤ ተበይዶ ከሆነ ደግሞ የብየዳ ፍርፋሪ ውስጡ መቅረት የለበትም።

ከፊልትሮው እስከ ተርቦው ያለው ክፍል ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላይ ያለች ቀዳዳ ያልተጣራ አየር በቀጥታ ታስገባለች። ስስ የጎማ ቱቦ ሞተሩ ሲስብ ይጨመደዳል፤ የላላ ፋሼታም እንደ ቀዳዳ ነው። ለመፈተሽ ሞተሩን አጥፍቶ ከፊልትሮው ቀጥሎ ያለውን ቱቦ መፍታትና ውስጡን በነጭ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ጨርቁ ላይ ቡናማ አቧራ ከታየ ፊልትሮው ተቀዷል፣ በትክክል አልተቀመጠም ወይም ቱቦው አንድ ቦታ ያስገባል፤ ቦታው ተገኝቶ እስኪደፈን ድረስ መኪናው ባይነሳ ይሻላል።